በምግብ ውስጥ የሚገኙ ጎጂ ነገሮችና የሰውነታችን ሴሎች



ወደ እስራኤል ከመጣችሁ በኋላ ከሚያጋጥሟችሁ አዳዲስ ነገሮች አንዱ ምግብ ነው። በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ በቆርቆሮ፣ በካርቶንና በፕላስቲክ ታሽጎ የተደረደረው ሸቀጥ አብዛኛው ቀድሞ የማታውቁት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከአገር ቤት ይዛችሁት የመጣችሁት ወይም ዘመድ የላከላችሁ በርበሬ፣ ሽሮና ጤፍ በቤታችሁ ይገኛል። በሁለቱም ዓይነት ምግብ ውስጥ ጤናን የሚጎዳ ነገር ሊኖር ይችላል። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ጎጂ ነገሮቹ ምን እንደሆኑ፣ ወደ ሰውነት ከገቡ በኋላ ምን እንደሚሠሩና ቤተሰባችሁን እንዴት እንደምትጠብቁ ለማስረዳት ነው። የተጻፈውም የሕክምና ትምህርት ላልተማረ ሰው እንዲገባ ሆኖ ነው። ማንበብ ለማይችሉ ሽማግሌዎችና እናቶች ልጆች ጮክ ብለው ቢያነቡላቸው መልካም ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሴል ምንድን ነው?

የሰው አካል የተሠራው ሴል (ሕዋስ) ከሚባሉ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች ነው። ቤት ከብዙ ድንጋይ እንደሚሠራ ሁሉ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ቆዳና አንጎልም ከሴሎች የተሠሩ ናቸው። ልዩነቱ ድንጋይ ሕይወት የሌለው መሆኑ ነው። ሴል ግን ይመገባል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ያረጃል፣ ይሞታል፣ ብዙውን ጊዜም በሌላ ይተካል። በአንድ ሙሉ ሰው ውስጥ ወደ 30 ትሪሊዮን የሚጠጉ ሴሎች እንዳሉ ይገመታል፤ አንድ ትሪሊዮን ማለት ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነው።

በአብዛኛው ሴል ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባል ነገር አለ። ይህ ሴሉ ምን እንደሚሠራና መቼ ለሁለት እንደሚከፈል የሚያዝ የተጻፈ መመሪያ ነው ማለት ይቻላል። ሴሉ ለሁለት በተከፈለ ቁጥር መመሪያው በሙሉ ይገለበጣል። ኦሪትን በብራና ላይ የሚገለብጥ ጸሐፊ አንዲት ፊደል ቢስት፣ ከእርሱ የሚገለብጡት ሁሉ ያንኑ ስሕተት ይዘው ይሄዳሉ። በሴልም እንዲሁ ነው። ሰውነታችን ስሕተቱን የሚፈልጉና የሚያርሙ ሠራተኞች አሉት፤ አብዛኛውንም ያርማሉ። ያልታረመው ስሕተት ሴሉ ያለ ልክ እንዲባዛ የሚያደርግ ከሆነ ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር (ነቀርሳ) የሚባለው በሽታ ሊነሣ ይችላል።

እንግዲህ ጎጂ ነገር ሴልን በሦስት መንገድ ይጎዳል። አንዳንዱ ሴሉን ወዲያውኑ ይገድለዋል። አንዳንዱ ሴሉን ሳይገድል ሥራውን ያሰናክልበታል። አንዳንዱ ደግሞ መመሪያውን ያበላሽበታል። የመጀመሪያው ቶሎ ስለሚታወቅ ሰው ይፈራዋል። የኋለኞቹ ሁለቱ ሕመም ሳያሰሙ ስለሚሠሩ ብዙ ሰው ይንቃቸዋል፤ ይህ ትምህርት የሚያተኩረውም ይበልጡን በእነርሱ ላይ ነው።

ከጓያ የምንማረው

ምግብ ሰውን ሊጎዳ እንደሚችል ለእናንተ አዲስ ወሬ አይደለም። ከጎንደር አካባቢ የመጣ ሰው ስለ ጓያ ያውቃል። ዝናብ ሲጠፋና ሌላው እህል ሲደርቅ ጓያ ይበቅላል፤ ድሃውም እርሱን በልቶ ክፉውን ዘመን ያልፋል። ነገር ግን ለሁለትና ለሦስት ወር ጓያን ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው፣ በተለይም ወጣት ወንድ፣ እግሩ ይተሳሰርና ያለ ምርኩዝ መሄድ ያቅተዋል። በደንቢያና በፎገራ በ1976 እና በ1977 ብዙ ሰው በዚህ በሽታ ተሰብሯል። ኢትዮጵያዊው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት በሽታውን ለብዙ ዓመታት አጥንተውታል።

በአገር ቤት የጓያ እንፋሎት ወይም በጓያ ገለባ ላይ መተኛት ሰውን ይሰብራል ይባላል። ይህ ትክክል አይደለም። የሚሰብረው በፍሬው ውስጥ ያለውና ሲበላ ወደ ደም የሚገባው ኦዳፕ የሚባል ነገር ነው። ኦዳፕ የነርቭ ሴሎች እርስ በርሳቸው መልእክት ከሚለዋወጡበት አንድ ተፈጥሯዊ ንጥረ ነገር ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ እግርን የሚያዙት የነርቭ ሴሎች እውነተኛ መልእክት የደረሳቸው ይመስላቸዋል፤ ያለ ዕረፍት ሲሠሩ ይቆዩና ተቃጥለው ይሞታሉ። የሞተ የነርቭ ሴል አይተካም። ጓያ የሰበረው ሰው በሕክምና ወደ ቀድሞው የማይመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ጉዳቱ የሚመጣው ከመጠኑና ከጊዜው ነው። ጓያን ከሌላ እህልና ከአትክልት ጋር በመጠኑ የሚበላ ሰው አይሰበርም፤ ብቻውን ለወራት የሚበላ ሰው ይሰበራል። ሁለተኛው፣ እናቶቻችሁ ጓያን ዘፍዝፈው ውሃውን ሲደፉ ትልቅ ሥራ ይሠሩ ነበር፤ ኦዳፕ በውሃ ስለሚሟሟ ከፊሉ አብሮ ይደፋልና። ዛሬ እዚህ አገር ጓያን ዋና ምግብ የሚያደርግ ቤተሰብ የለም ማለት ይቻላል። ቢሆንም ከአገር ቤት የሚመጣ ሽሮ ከምን እህል እንደተፈጨ መጠየቅ አይከፋም።

ሻጋታ

የቲፓት ሐላብ ነርሶች ከእናቶች ደጋግመው የሚሰሙት ጥያቄ አለ፦ «እንጀራው በአንድ በኩል ብቻ ሻግቷል፤ የሻገተውን ቆርሼ ብጥለው ቀሪውን ለልጆቹ ብሰጥ ምን አለበት?» ጥያቄው ተገቢ ነው። እህል መጣል በባህላችሁ ነውር ነው፤ ጤፍም እዚህ አገር ርካሽ አይደለም። መልሱ ግን «አትስጧቸው» የሚል ነው። ምክንያቱን ማወቅ ይኖርባችኋል።

በላይ የሚታየው አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ነጭ ነገር የሻጋታው ፍሬ ብቻ ነው። ሥሩ እንደ ቀጭን ክር ሆኖ ወደ ውስጥ ይገባል። እንጀራ ለስላሳና ዓይናማ ስለሆነ ክሩ ሩቅ ይደርሳል። ንጹሕ በሚመስለው ክፍል ውስጥም ሻጋታው አለ። ዳቦ፣ እርጎና የበሰለ ወጥም እንደዚሁ ናቸው። እንደ ካሮት ባለ ጠንካራ ነገር ላይ ግን ክሩ ሩቅ አይሄድም፤ ስለዚህ የሻገተውን ክፍል ከነዙሪያው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ ጥሎ ቀሪውን መብላት ይቻላል።

ሻጋታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከሁሉ የከፋውን መርዝ የሚሠሩት አስፐርጊለስ የሚባሉ የሻጋታ ዓይነቶች ናቸው፤ መርዙም አፍላቶክሲን ይባላል። የታወቀው በ1960 በእንግሊዝ አገር ነው። በዚያ ዓመት ከ100,000 የሚበልጡ ተርኪዎች፣ እዚህ «ሆዱ» የምትሏቸው ትልልቅ ዶሮዎች፣ በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ሐኪሞች በሽታውን መጀመሪያ አላወቁትም ነበር። ኋላ ሲመረመር ዶሮዎቹ የበሉት ከብራዚል የመጣ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ መሆኑ ተገኘ።

ለሰውም የማይራራ መሆኑ በ2004 በምሥራቃዊ ኬንያ ታይቷል። ገበሬዎች በደንብ ያልደረቀ በቆሎ በቤታቸው አከማችተው ነበር። በዚያ ዓመት 317 ሰዎች ታመሙ፤ ከእነርሱም 125ቱ ሞቱ። የገደላቸው የጉበት መበላሸት ነው። በቆሎው ተፈጭቶና በስሎ ነበር የተበላው፤ ነገር ግን አፍላቶክሲን በተራ ማብሰያ ሙቀት አይጠፋም። እሳቱ ሻጋታውን ይገድለዋል፤ ሻጋታው አስቀድሞ የሠራው መርዝ ግን እዚያው ይቀራል። «በደንብ ከተቁላላ ምንም አይለውም» የሚለው አነጋገር ለብዙ ጀርም እውነት ነው፤ ለአፍላቶክሲን ግን አይሠራም።

ጥቂቱን በየጊዜው የሚበላ ሰው ግን ወዲያው አይታመምም። የበላነው ነገር ሁሉ መጀመሪያ በጉበት በኩል ያልፋል። የጉበት ሴሎች ባዕድ ነገር ሲደርሳቸው በሽንት ወይም በሐሞት እንዲወጣ መልኩን ይለውጡታል። ይህ ጥሩ ሥራ ነው። በአፍላቶክሲን ላይ ግን ችግር አለው፤ ጉበቱ በሚለውጠው ጊዜ በመካከሉ የሚፈጠረው ነገር ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ይህ ነገር የሴሉን ዲ.ኤን.ኤ. ይዞ ይጣበቃል። ሴሉ መመሪያውን ሲገለብጥ በተጣበቀበት ቦታ ላይ ይስታል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ደግሞ «ተበላሽቻለሁና አልባዛም» ብሎ ሴሉን የሚያቆመው የመመሪያው ክፍል ነው። ዘበኛው የተገደለበት ግቢ ማለት ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ በጉበት ካንሰር የሚታመም ሰው በሽታውን ከሃያ ዓመት በፊት ከበላው የሻገተ እህል ጋር ሊያያይዘው አይችልም።

እዚህ ላይ ለናንተ በተለይ የሚያስፈልግ ነገር አለ። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት በሽታ ከኢትዮጵያ በመጡ ሰዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይገኛል። በአማርኛ ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ይባላል፤ ነገር ግን ብዙዎች ዓይናቸው ቢጫ ሳይሆን፣ ሳይታመሙም፣ ቫይረሱን ይዘው ይኖራሉ። ቫይረሱ ባለበት ጉበት ላይ አፍላቶክሲን የሚያደርሰው ጉዳት በሌላው ሰው ላይ ከሚያደርሰው ወደ 30 እጥፍ እንደሚበልጥ ይገመታል። ስለዚህ በኩፓት ሖሊም ለዚህ በሽታ የደም ምርመራ እንዲደረግላችሁ ጠይቁ። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በእስራኤል ከ1992 ጀምሮ ለሚወለዱ ሕፃናት ሁሉ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ይሰጣል፤ እናንተ ግን ሌላ አገር ስለተወለዳችሁ ክትባቱ ሳይደርሳችሁ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

በርበሬ፣ ሽሮና ለውዝ

በርበሬ በመሬት ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ፣ ወይም እንዳይሰባበርና ክብደት እንዲጨምር ውሃ ሲረጭበት፣ ሻጋታ በቀላሉ ይይዘዋል። ከተፈጨ በኋላ ቀይ ስለሆነ አይታይም። አዋዜውም ወጡም ጣዕሙ አይለወጥም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በአንድ ኪሎ በርበሬ ውስጥ አፍላቶክሲን ቢ-1 ከ5 ማይክሮ ግራም መብለጥ የለበትም። ማይክሮ ግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር በዓይንም በምላስም ማወቅ ስለማይቻል ቁጥጥሩ የሚጀምረው ከግዢው ነው።

ዛላውን ራሳችሁ መርጣችሁ የምታስፈጩ ከሆነ ከሁሉ ይሻላል። ሰንጥቃችሁ ውስጡን እዩ፤ ጥቁር ወይም ግራጫ ዱቄት ካለበት ለዩት። የተፈጨ የምትገዙ ከሆነ ስሙና አድራሻው ከተጻፈበት ማሸጊያ ግዙ፤ በሹክ ከተከፈተ ጆንያ አትግዙ። ለዓመት የሚሆን በርበሬና ሽሮ በጆንያ ማስቀመጥ በደጋ ቤት ልማድ ነበር። በአሽዶድ፣ በኔታንያ ወይም በሐይፋ የባሕሩ እርጥበት በቤት ውስጥ ይገባል፤ በዚያ አየር ጆንያ አይበጅም። በጠርሙስ ወይም ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ ከፋፍላችሁ የሚበልጠውን በፍሪዘር፣ የሳምንቱን ብቻ በቁም ሣጥን አስቀምጡ። እርጥብ ማንኪያ አታግቡበት። ከጓጎለ ወይም የምድር ቤት ሽታ ካለው ጣሉት። ለውዝም የመረረ፣ የጠቆረ ወይም የተጨማደደ ፍሬ ካለበት ይለቀም፤ ለሕፃን አይሰጥ።

እንጀራን በተመለከተ፣ እንደ አገር ቤት ለሳምንት ጋግራችሁ በሞሰብ ወይም በፕላስቲክ ከረጢት ውጭ አታቆዩት። ከቀዘቀዘ በኋላ የሁለት ቀኑን በፍሪጅ፣ ቀሪውን ለየብቻ ጠቅልላችሁ በፍሪዘር አድርጉት። ሲፈለግ ወጥቶ ሲሞቅ ደህና ይሆናል። ባለሞያ ሴቶች «ፍሪዘር የገባ እንጀራ እንጀራ አይደለም» ሲሉ ይሰማል፤ እውነት አላቸው፣ ልስላሴው ትንሽ ይቀንሳል። ከሻገተው ግን ይሻላል። የሻገተውን ለዶሮ ወይም ለላም መስጠትም ችግሩን አያርቀውም። መርዙን የበላች ላም ከፊሉን በወተቷ ታወጣዋለች።

ቀለምና እርሳስ

በ2003 በአውሮፓ በተፈጨ በርበሬ ውስጥ ሱዳን-1 የሚባል ቀይ ቀለም ተገኘ። ይህ ቀለም ለዘይት፣ ለሰምና ለጫማ ቀለም የተሠራ እንጂ ለምግብ የተፈቀደ አይደለም። ያረጀ በርበሬ አዲስ እንዲመስል ነጋዴዎች ይጨምሩበት ነበር። በ2005 በእንግሊዝ አገር እንደዚህ ያለ በርበሬ የገባባቸው ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከሱቅ ተሰብስበዋል። ቀለሙ በእንስሳት ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ታይቷል። ስለዚህ ከመጠን በላይ የሚያብረቀርቅ፣ ጣትን የሚያቀልምና በዘይት ላይ ቀይ ሆኖ የሚንሳፈፍ ርካሽ በርበሬ ካያችሁ ተጠራጠሩ። እርድም አንዳንድ አገር፣ ለምሳሌ በባንግላዴሽ፣ ቢጫነቱ እንዲደምቅ እርሳስ ያለበት ቀለም ሲጨመርበት ተገኝቷል።

እርሳስ (በዕብራይስጥ ዖፌሬት) ከባድ ብረት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዌስት ባንክ በሚገኙ መንደሮች ብዙ ቤተሰቦች በሆድ ቁርጠትና በደም ማነስ ታመሙ። ሐኪሞች ምክንያቱን ፍለጋ ሲሄዱ ያገኙት በመንደሩ ወፍጮ ቤት ነው። የወፍጮውን ድንጋይ ከብረቱ ጋር ለማጣበቅ ቀልጦ የፈሰሰው እርሳስ ነበር፤ ድንጋዩ በዞረ ቁጥር እየተፋቀ ከዱቄቱ ጋር ይደባለቃል። ዱቄቱ ነጭ ነበር፣ ዳቦውም መልካም። በሽተኞቹን የመረዘው የዕለት እንጀራቸው መሆኑን ማን ሊጠረጥር ይችላል?

ሰውነታችን እርሳስን ከካልሲየም መለየት ይቸግረዋል። ካልሲየም አጥንት የሚሠራው ንጥረ ነገር ነው። እርሳስ በእርሱ ስም ገብቶ በአጥንት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። ቀይ የደም ሴል በሚሠራበት ቦታም ሥራውን ያቋርጣል፤ የደም ማነሱ የመጣው ከዚህ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው በልጆች አንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ልጁ የታመመ አይመስልም፤ ትምህርት አይገባውም፣ ይቁነጠነጣል፣ መምህሩም «ሰነፍ ነው» ይላል። የዓለም የጤና ድርጅት ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይናገራል። በእርጉዝ ሴት ደም ውስጥ ያለውም ወደ ጽንሱ ያልፋል። ስለዚህ የሚያብለጨልጭ ቀለም የተቀባ፣ ለጌጥ የተሠራ የሸክላ ዕቃ ላይ ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ሌላ ጎምዛዛ ምግብ አታስቀምጡ። የሕፃን ዓይን ኩል አትኳሉ፤ ብዙው ኩል እርሳስ ስላለበት ልጁ ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ይልሳል።

የሱቁ ምግብ

እስካሁን የተናገርነው ምግብ ሲበላሽ ወይም ሲጭበረበር ስለሚመጣው ጉዳት ነው። አሁን ደግሞ በሕግ የተፈቀደ፣ ያልተበላሸ፣ በሱፐርማርኬት የሚሸጥ ነገር እንዴት እንደሚጎዳ እንመልከት። እንደ እውነቱ ከሆነ በዚህ አገር ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው።

ከ1984 ጀምሮና በ1991 የመጡት የእናንተ ወገኖች በደረሱበት ጊዜ ሲመረመሩ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በጣም ጥቂት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በሽታው በፍጥነት በዛ። ዛሬ ከኢትዮጵያ በመጡ ሰዎች ዘንድ ከሌላው ሕዝብ ይበልጥ ይገኛል፤ ወፍራም ያልሆኑ ሰዎችንም ይይዛል። ደማቸው አልተለወጠም። የተለወጠው ምግባቸውና ኑሯቸው ነው። ከማሳ ወደ ወንበር፣ ከጤፍና ከምስር ወደ ነጭ ዳቦ፣ ከውሃና ከጠላ ወደ ፔቴልና ወደ ለስላሳ መጠጥ።

ስኳር ለሴል ማገዶ ነው። ወደ ሴሉ የሚገባበትን በር የሚከፍተው ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን ነው። በየሰዓቱ ብዙ ስኳር ሲገባ ሴሎቹ በሩ ሲንኳኳ መስማት ይተዋሉ፤ ቆሽት ይበልጥ ይለፋል፣ በመጨረሻም ይደክመዋል። ስኳሩ በደም ውስጥ ይቀርና የቀጫጭን የደም ሥሮችን ግድግዳ ይጎዳል። ዓይን፣ ኩላሊትና የእግር ነርቭ ቀጫጭን የደም ሥር የበዛባቸው ስለሆኑ በመጀመሪያ የሚታመሙት እነርሱ ናቸው። አንድ ቆርቆሮ (330 ሚሊ ሊትር) ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥ ወደ 35 ግራም ስኳር አለው፤ ይህ ስምንት ወይም ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ነው። በቡናችሁ ላይ ስምንት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር እንግዳ ቢመጣ በሆዳችሁ ምን ትሉ ነበር?

ከጥር 2020 ጀምሮ የእስራኤል የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በታሸጉ ምግቦች ላይ ክብ ቀይ ምልክት እንዲደረግ አዟል። ዕብራይስጥ ገና ያልተማረ ሰውም ምልክቱን ሊያውቀው ይችላል። «ሱካር» የሚል ቀይ ምልክት ስኳር፣ «ናትራን» የሚል ጨው፣ «ሹማን ራቩይ» የሚል ደግሞ የሚረጋ ስብ በዝቶበታል ማለት ነው። ከ2021 ወዲህ ባለው ደንብ በ100 ግራም ደረቅ ምግብ ውስጥ ከ10 ግራም በላይ ስኳር፣ ከ400 ሚሊ ግራም በላይ ናትራን ወይም ከ4 ግራም በላይ የሚረጋ ስብ ካለ ቀይ ምልክት ይደረግበታል። አንድ ምግብ ሁለትና ሦስት ቀይ ሊኖረው ይችላል። ልጆቻችሁ ከናንተ ቀድመው ዕብራይስጥ ስለሚያነቡ ወደ ሱቅ ይዛችኋቸው ሂዱና ቀይ የሌለበትን እንዲመርጡ አድርጓቸው። በዚያው አጋጣሚ ቀኑንም ያንብቡላችሁ። «ለሺሙሽ ዓድ» የሚለው ከዚያ ቀን በኋላ አትብሉ ማለት ነው፤ «ዓዲፍ ለሂሽታሜሽ ሊፍኔ» የሚለው ግን ከዚያ ቀን በፊት ቢበላ ይሻላል ማለት ብቻ ነው።

ስለ ናክኒክና ናክኒኪያም አንድ ቃል እንጨምር። ርካሽና ለማዘጋጀት ቀላል ስለሆነ በልጆች ሳንድዊች ውስጥ በየቀኑ ይገባል። ሥጋው ቀይ ሆኖ እንዲቆይና እንዳይበላሽ ናይትራይት የሚባል ጨው ይጨመርበታል። ናይትራይት በአንጀት ውስጥ ከሥጋው ጋር ተገናኝቶ ዲ.ኤን.ኤ.ን የሚጎዱ ነገሮች ሊሠራ ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እንደዚህ ያለ ሥጋ በሰው ላይ የአንጀት ካንሰር እንደሚያመጣ አስታወቀ። በየቀኑ 50 ግራም መብላት አደጋውን በ18 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ከሲጋራ ጋር የሚወዳደር አደጋ አይደለም፤ አንድ ቀን በሠርግ ላይ የበላ ሰው አይደንግጥ። በየቀኑ ለልጅ መስጠት ግን ያስፈልጋል ወይ? የተቀቀለ እንቁላል፣ ሑሙስ ወይም የተረፈ የምስር ወጥ በዳቦ ውስጥ ሆኖ ልጁን ያጠግበዋል። ልጁ ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ብሎ ሊያፍር ይችላል፤ ስለዚህ ጉዳይ ከመምህሯ ጋር መነጋገር ጥሩ ነው።

ስለ ጥብስና ስለ ቡና ብዙ ሰው ይጠይቃል። በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች ድንችና ዳቦ በኃይለኛ ሙቀት ሲጠበሱ አክሪላማይድ የሚባል ነገር እንደሚፈጠር አገኙ። በእንስሳት ላይ ካንሰር ያመጣል፤ በሰው ላይ በምግብ በኩል ይህን ማድረጉ እስካሁን አልተረጋገጠም። ድንቹን ወርቃማ ሲሆን አውጡት፣ አታጥቁሩት፤ ከዚያ በላይ መጨነቅ አያስፈልግም። ቡናችሁን ጠጡ። ነገር ግን ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ የጉሮሮን ሴሎች ደጋግሞ ስለሚያቃጥል ለጉሮሮ ካንሰር ሳያጋልጥ እንደማይቀር በ2016 ተገልጿል። ከጀበናው የተቀዳው ስኒ ወሬ እየተወራ ትንሽ ይቀዝቅዝ።

መርዝ በድንገት ቢጠጣ

በቤት ውስጥ ሌላም አደጋ አለ። ለወለል መጥረጊያ የምትገዙትን ኤኮኖሚካ በባዶ የለስላሳ ወይም የውሃ ጠርሙስ ቀንሳችሁ አታስቀምጡ። ሕፃን ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አያውቅም። ኤኮኖሚካ የአፍንና የጉሮሮን ሴሎች እንደነካ ያቃጥላል፤ ምድጃ ማጽጃና የቱቦ መክፈቻ ደግሞ ከእርሱ የባሱ ናቸው። በከፍተኛ ቦታ፣ በራሳቸው ዕቃ፣ ከምግብ ተለይተው ይቀመጡ። የሐኪም መድኃኒትና ከአገር ቤት የመጣ እንደ ኮሶ ያለ መድኃኒትም እንደዚሁ። ኮሶ በብዛት ሲወሰድ የዓይንን ነርቭ ሊጎዳ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ከወሰዳችሁ ለሐኪም መናገርን አትፈሩ። በአንዳንድ ክሊኒኮች አማርኛ የሚናገሩ አገናኞች (ሜጋሽሪም) ስላሉ በእነርሱ በኩል መናገር ይቻላል።

ልጅ ጎጂ ነገር ከጠጣ እንዲያስታውክ አታድርጉት፤ የሚያቃጥል ነገር ሲመለስ ጉሮሮውን ሁለተኛ ጊዜ ያቃጥለዋልና። ወተትም እንቁላልም ሐኪም ሳያዝ አትስጡት። አፉን በውሃ አብሱለት። ልጁ ካንቀላፋ፣ መተንፈስ ካቃተው ወይም ከተንቀጠቀጠ ወዲያውኑ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ደውሉ። ካልሆነም በሐይፋ በራምባም ሆስፒታል የሚገኘው የመርዝ መረጃ ማዕከል ቀንና ሌሊት ይመልሳል፤ ስልኩ 04-7771900 ነው። ስትደውሉ የልጁን ዕድሜና ክብደት፣ የጠጣውን ነገር ስም፣ ምን ያህል እንደጠጣና በስንት ሰዓት እንደጠጣ ይጠይቋችኋል። ጠርሙሱን አትጣሉት፤ ወደ ሆስፒታል ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ።